ድንጋይ ለመሆን የተኛችው ዓሣ

ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ላይ የሚቆሙት የማታቱ ሚኒባስ ረዳቶች ሚዛንን በስሟ አይጠሯትም፤ "ማማ ካርቶን" ነው የሚሏት። ቅዳሜ ጠዋት ከቁመቷ የሚበልጥ የካርቶን ክምር በገመድ ጠፍራ መንገድ ዳር ስትቆም ገና ከሩቅ አይተው ይስቃሉ።

"ማማ፣ ዛሬም ቤት ልትቀይሪ ነው?" ይላታል አንዱ ከበሩ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ በስዋሂሊ።

"ቤት አይደለም፣ ገደል ነው የማጓጉዘው። ቀስ ብለህ ጫነው፤ ተንዶ እንዳይበላህ!"

ረዳቱ ቀልድ ይመስለዋል። እሷ ግን እውነቷን ነው። ሳምንቱን ሙሉ ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የአንድ ሐበሻ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ስትረከብ፣ ዕቃ ስታስረክብ ትውላለች፤ ባዶ ካርቶን ሲተርፍ እየለቀመች ቤቷ ትወስድና ግራጫና ጥቁር ቀለም ትቀባዋለች። ቅዳሜ ኪሊማኒ ሲደርስ ያ ካርቶን አለት ነው፣ ገደል ነው፣ ሲያሰኘው እሳተ ገሞራ ነው።

ኪሊማኒ ውስጥ የሐበሻ ወላጆች አንድ የሕፃናት መዋያ ግቢ በቅዳሜ ተከራይተው ልጆቻቸውን አማርኛ ያስተምራሉ። ናይሮቢ ያደገ ልጅ መቼም ይታወቃል፤ አማርኛውን ይሰማል እንጂ አይመልስም። እናቱ "ብላ" ስትለው "አይ አም ፉል" ይላል፤ አባቱ "ና" ሲለው በስዋሂሊ "ናኩጃ"፣ መጣሁ፣ ብሎ እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ በግቢው ጠዋት ፊደል አለ፣ ቀጥሎ ንባብ አለ፣ በመጨረሻ ደግሞ አንዲት የሳይንስ ሰዓት አለች። የሚዛን ሰዓት ያቺ ናት።

ሚዛን መምህርነት አልተማረችም። ሰዓቷን የጀመራት ሱራፌል የሚባል፣ ስለ ድንጋይ የተማረ ወጣት ነበር፤ እሷ ያኔ ወንበር የምትደረድር፣ የልጅ አፍንጫ የምትጠርግ ነበረች። ሱራፌል ዛምቢያ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ አንድ ሣጥን ድንጋይና አንድ መጽሐፍ ትቶላት "ሰው እስኪገኝ አንቺ አንብቢላቸው" አላት። አነበበችላቸው። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ልጆች አንቀላፉ፤ በሚቀጥለው ግማሹ ክፍል አንኮራፋ። በሦስተኛው መጽሐፉን ጥርቅም አድርጋ ዘጋችና "ተነሡ!" አለች። "ከአሁን ጀምሮ ሁላችሁም ድንጋይ ናችሁ!"

ይሄ ከየት መጣላት ቢባል ከጎሐ ጽዮን ነው። ልጅ ሳለች የቀበሌው ኪነት ውስጥ ነበረች። ድምፅዋ ጎርናና ስለነበር መዝሙሩ ላይ አያስጠጓትም፤ ቲያትሩ ላይ የሚሰጧት ደግሞ የማይናገረውን ነገር ሁሉ ነው። ዛፍ ሆናለች፣ የወፍጮ ቤት በር ሆናለች፣ አንዴማ ድልድይ ሆና ሰው ተረማምዶባታል። እናቷ "ዛሬስ ምን ሆነሽ ዋልሽ?" ሲሏት "ድልድይ" ትላለች፤ ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርሳል። እሷ ግን ደስ ይላት ነበር። ድልድይ እንዲሁ አይኮንም፤ ጀርባ ምን ያህል እንደሚችል፣ ውኃው ከሥር ምን እያለ እንደሚያልፍ በልብ መያዝ ያስፈልጋል።

አባቷ ደግሞ የአባይ በረሃን መንገድ ከሚጠግኑት ጋር ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። ከሸለቆው በሚያመጡት ነጣ ባለ የኖራ ድንጋይ ውስጥ አንዳንዴ ቀንድ አውጣ የመሰለ ነገር ተኝቶ ይገኛል፤ ጥምዝምዙ እንዳለ ነው፣ ግን ድንጋይ ነው። "ከኖኅ ውኃ የቀረ ነው" ይሏት ነበር አቧራውን በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። "ይሄ ሁሉ ባሕር ነበር ልጄ።" ባሕር! ውኃ በእንስራ ከምንጭ በሚቀዳበት አገር! እሳቸውም አለፉ፣ ያ ጎዳናም በሌላ ተተካ፤ የዚያን ቀን የገባባት መደነቅ ግን እስካሁን አልወጣላትም።

በዚህ ዓይነት ኪሊማኒ ውስጥ እሳተ ገሞራ ይፈነዳ ጀመር። ልጆቹ መሐል ላይ ተጠጋግተው ይቁነጠነጣሉ፤ ሚዛን ስታጨበጭብ "ቀለጥን!" እያሉ ግድግዳ ለግድግዳ ይፈሳሉ። "በረዳችሁ!" ስትል ይደርቃሉ። ቀስ ብሎ የሚበርደው ጓደኛ ፈልጎ እጅ ለእጅ ለመያያዝ ጊዜ አለው፤ ድንገት የበረደው ግን ብቻውን ይቀራል። ለዚህ ነው አንዱ ድንጋይ ትልልቅ የሚያብለጨልጭ ፍሬ የሚኖረው፣ ሌላው ልሙጥ የሚሆነው። ሌላ ቀን ደግሞ በካርቶንና በግድግዳ መሐል ተጨቁነው፣ ሙቀት በዛብን ብለው አልበው፣ "ተለወጥን!" እያሉ ሌላ ድንጋይ ሆነው ይወጣሉ። ያልገባት ነገር ሲኖር ለሱራፌል በዋትሳፕ ድምፅ ትልክለታለች፤ እሱም ከዛምቢያ እየሳቀ ያስረዳታል።

ታዲያ ደግ ነገር ሲበዛ ዓይን ይገባዋል። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ሀብተወልድ አንድ ቀን ከክፍሉ ደጃፍ ጠበቋት። ጊጊሪ ሰፈር አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ሰው የማያስቀይሙ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሐሳባቸው ሁሉ ግን ዮአብ የሚባለው ልጃቸው ነው። ዮአብ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለአባቱ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ አያውቅም።

"ወይዘሮ ሚዛን፣ አይቀየሙኝ" አሏት። "ድንጋዩንማ በሳምንቱ ትምህርት ቤታቸውም ይማሩታል። እኛን የቸገረን አማርኛው ነው። ይህችን ሰዓት ለፊደል ብናደርጋትስ?"

ሚዛን ልጅ አልወለደችም። መጋዘኑ ውስጥ "ይሄን ወዲህ፣ ያን ወዲያ" የሚላት እንጂ "አንቺስ ምን ይመስልሻል?" የሚላት የለም። ያቺ ሰዓት ከሄደች ቅዳሜም እንደ ማክሰኞ ሊሆንባት ነው።

"በወላጆች ቀን አንድ ነገር እናሳይዎት" አለቻቸው። "እሱን አይተው ይፍረዱ።"

"ይሁን፤ አይቼ እወስናለሁ።"

የምታሳየውን ለመምረጥ አልተቸገረችም፤ ዓሣ እንዴት ድንጋይ እንደሚሆን ነው። ዓሣዋ ከባሕሩ ወለል ትተኛለች፣ ደለሉ በላይዋ ይነጠፋል፣ ይከመራል፣ ይጠነክራል፤ በመጨረሻ ጎርፍ ሸርሽሮ ያወጣታል። ዮአብ ዘመን ነው፤ ቃጭል እያቃጨለ ይዞራል። ዓሣዋ አቢግያ ናት። አቢግያ የምትባለው የሰባት ዓመት ልጅ አፏ አያርፍም፤ ስትተኛም የምታወራ ናት ይላሉ። ሚዛን ሆነ ብላ ነው የመረጠቻት። አንድ ጊዜ እንኳ ዝም ብትል ሌሎቹ ይሰማሉ ብላ።

ለደለሉ "ከቤታችሁ አንዳንድ ጨርቅ ይዛችሁ ኑ" አለቻቸው። በሐሳቧ ቡናማ አንሶላ፣ የኬንያ ሴቶች የሚያሸርጡት ቀይና ቢጫ ሌሶ ነበር። ቅዳሜ ልጆቹ ከረጢታቸውን ሲፈቱ፣ ነጠላ። ነጠላ። ጋቢ። ደግሞ ነጠላ። እናቶቹ ቲያትር ሲባል የባህል ልብስ መስሏቸው የክታቸውን አጥበው ተኩሰው ልከዋል። ክፍሉ እንደ ጥምቀት ነጣ።

ሚዛን ስልኳን አወጣች። "ሱሬ፣ ነጭ ደለል የሚባል ነገር አለ?"

መልሱ ወዲያው መጣ። "አለ እንጂ! የባሕር ቅርፊት ተፈጭቶ ሲከመር ነጭ ነው። የአገርሽ የኖራ ድንጋይ ከዚያ ነው የመጣው።"

"ተገላገልኩ!" አለችና ሥራውን ጀመረች።

አቢግያ ምንጣፉ ላይ ተንጋለለች፤ ክንፎቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። አንዱ ነጠላ ከእግር እስከ ራሷ ሸፈናት፤ በላዩ ሌላው፤ በሌላው ላይ ጋቢው። የቀሩት ልጆች ዙሪያዋን ቆመው የባሕር ድምፅ አሰሙ፤ "ኡ… ኡ… ኡ…"። ዮአብ ቃጭሉን ቀስ እያደረገ ይዞራል።

ልክ በዚህ ጊዜ እማማ አስካለ ገቡ። የአቢግያ አያት ናቸው፤ ከደብረ ብርሃን ልጃቸውን ራሔልን ሊጠይቁ የመጡ። ራሔል ምግብ ቤቷ ቅዳሜ ስለማያላውሳት "እማዬ፣ ልጅቷን አንቺ አምጪልኝ" ብላቸው ነበር። እማማ በሩን ገፋ ቢያደርጉ፣ ያ ሁሉ ነጭ፣ ያ ሁሉ እንጉርጉሮ፣ ያ ቃጭል።

"አቢግያስ?" አሉ።

አንዱ ልጅ በጣቱ ወደ ምንጣፉ አመለከታቸው።

"ወየው! ወየው ልጄን!" ጃንጥላቸው ወደቀ፣ ደረታቸውን መቱ። የበሩ ዘበኛ ዱላውን ይዞ እየሮጠ መጣ። አንዲት ሕፃን የቲያትሩ ክፍል መስሏት አጨበጨበች።

ከጋቢው ሥር የታፈነ ድምፅ ተሰማ። "አያቴ፣ ሽሽ! ገና አልጠነከርኩም!"

እማማ ነጠላውን ገፈው ልጅቷን አነሡ፣ ገላዋን ዳበሱ፣ ከዚያ ወደ ሚዛን ዞሩ። "በቁሟ ገነዛችኋት! እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋችሁ፣ ነጭ በነጭ አድርጋችሁ! ሞት ሲጠሩት አይሰማም ያለሽ ማነው?"

ሚዛን ያኔ ገና በሰው ዓይን አየችው። እውነትም የለቅሶ ቤት! እሷም ራስጌ ቆማለች፣ እንደ አልቃሽ። "በስመ አብ!" አለችና ሳቋ አመለጣት፤ አፏን በእጇ ብትይዘውም አልሆነም።

"ትስቃለችም!" አሉ እማማ፣ ልጅቷን እየጎተቱ ሲወጡ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ወሬው ጊጊሪ ደረሰ። አቶ ሀብተወልድ ደወሉ።

"ወይዘሮ ሚዛን፣ ልጅ ገነዙ እየተባለ ነው። ምንድን ነው ነገሩ?"

"ዓሣ ነው ጋሼ።"

"ዓሣ ገነዛችሁ?"

"አይ፣ ድንጋይ ልትሆን ነበር፤ አያቷ ሳትጨርስ ደረሱባት።"

"እኔ እንጃ። በወላጆች ቀን እንዲህ ያለ ሁከት ከተደገመ ግን… ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰዓቱን ለፊደል ነው የምሰጠው።"

ሁከቱ ይቅርና ዓሣዋም የለችም። ራሔል "እናቴ እምቢ ብላለች፣ ምን ላድርግ" አለች። ሌሎቹም እናቶች አንድ በአንድ "የኔን ልጅ ከሥር አታስተኚብኝ" እያሉ ላኩባት። ሁሉም ጨርቁን ያውሳል፤ ልጁን የሚሰጥ ጠፋ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሚዛን አንድ ትልቅ ፓፓያ ታቅፋ ራሔል ቤት ሄደች። እማማ አስካለ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አቢግያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች፤ እንደተቆጣች ለማሳየት ነው።

"ከትላንት ጀምሮ አላናገረችኝም" አሉ እማማ፣ ሰላምታውም ሳያልቅ። "ይህች ልጅ! ዝም አለች! ታመመች እንዴ ብዬ ፈራሁ።"

"ተለማምዳ ነው እማማ። ድንጋይ አይናገርም ብያት።"

"አንቺ ደግሞ!" ሊቆጡ ፈልገው ነበር፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አለ። "ለመሆኑ ይሄ ሙት መጫወት ምን የሚሉት ትምህርት ነው?"

"ዓሣ እኮ ናት።"

"ዓሣም ነፍስ አላት።"

"ጨርቁን በቀለም ብናደርገውስ? ቀይ፣ ቢጫ…"

"ሬሳ በቀለም ቢሸፈን ሠርገኛ ይሆናል?"

ሚዛን ፓፓያውን ከዚህ ጉልበቷ ወደዚያ አዛወረች። ከዚያ ከመጽሐፉ አይደለም፣ ከልቧ ስለ አባቷ አወራቻቸው፤ ስለዚያ የአባይ ድንጋይ፣ ስለ ቀንድ አውጣው። እማማ አዳመጧት።

"እኛም አገር ወንዝ ወርደን ስንታጠብ እንዲህ ያለ ቅጠል የታተመበት ድንጋይ አይቻለሁ" አሉ ቆይተው። "ሰይጣን የጻፈው ነው ብለን ነበር የምንሸሸው።" ወደ ሚዛን ዞሩ። "የተቀበረው ነገር በመጨረሻ ይወጣል ነው የምትይኝ?"

"ይወጣል። ጎርፍ ነው የሚያወጣው።"

"ጎርፉ ማነው?"

"እስካሁን ሰው አላገኘሁለትም።"

እማማ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "እኔ ነኛ! የልጅ ልጄን ከዚያ የማነሣት እኔ ነኝ። የሌላ ሰው እጅ አይነካትም። በዚህ ከተስማማሽ ትተኛ።"

"እማማ፣ ጎርፍ ይሆናሉ?"

"የሰባ ዓመት ሴት ጎርፍ ብትሆን ምን ነውር አለው?"

አቢግያ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። "አያቴ፣ ሰማያዊ ሻርፕ አለሽ?"

በወላጆች ቀን አዳራሹ ጢም አለ። እንደ ሐበሻ ደንብ ዘግይተው ነው የጀመሩት። አቶ ሀብተወልድ ከፊት ወንበር እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ሚዛን ከካርቶኑ ገደል ጀርባ ቆማ መዳፏን በቀሚሷ ትጠርጋለች። እሳተ ገሞራው ያለ እንከን ፈነዳ። ዓሣዋ ዋኘች፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ዋኘች፣ ለዘመዶቿ ሁሉ በክንፏ ሰላምታ ሰጠች። ከዚያ ተኛች። ዮአብ ቃጭሉን አነሣ። የመጀመሪያው ነጠላ ተነጠፈባት።

እማማ አስካለ ሰማያዊ ሻርፕ ተከናንበው ከዳር ወንበር ላይ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በመጀመሪያው ነጠላ ተቁነጠነጡ። ሁለተኛው ፊቷን ሲሸፍን አላስቻላቸውም። ብድግ ብለው መሐል ገቡና "በቃ! ጎርፍ መጣሁ!" ብለው ነጠላውን ጫፉን ያዙት።

ሚዛን ዓይኗን ጨፈነች። አለቀ፣ አለች በልቧ። ሰዓቷ ሄደች።

"ኖ! እማማ ጎርፍ፣ ቆይ!" ዮአብ ነው። ቃጭሉን ጥሎ የነጠላውን ሌላ ጫፍ ይዟል። "ኢት ኢዝ ቱ አርሊ!"

"ምን አልክ አንተ? በሰው ቋንቋ ተናገር!"

ዮአብ ግራ ቀኙን አየ። ላቡ መጣ። "ገና… ገና ነው! አሁን ከከፈቱት ዓሣዋ ትበሰብሳለች!"

"ምን አበሰበሳት?"

"ሸርጣን ይበላታል!" አለች አንዷ ከኋላ።

"ሸርጣን አይደለም፣ መጀመሪያ ሥጋዋ ነው የሚሄደው! አጥንቱ ይቀራል፣ ከዚያ ጭቃው ይጫነዋል!"

"ጭቃ አይደለም፣ ደለል!"

"እሺ ደለል! ከዚያ አጥንቱ ውስጥ ውኃ ይገባል፣ ውኃው ውስጥ ድንጋይ አለ…"

"ውኃ ውስጥ ድንጋይ?" እማማ ነጠላውን አልለቀቁም።

"የሟሟ!" ዮአብ ጮኸ። "እንደ ሻይ ስኳር! አይታይም፣ ግን አለ። ቀስ ብሎ የአጥንቱን ቦታ ይወስዳል። ለዚህ ነው ረጅም ጊዜ የምንጠብቀው። እርስዎ ጎርፍ ነዎት፣ ጎርፍ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው! ታገሡ እንጂ!"

አቶ ሀብተወልድ ያጣጠፉት እጅ ተፈታ።

"ታዲያ እስከዚያ ትንፋሽ አያጥራትም?" አሉ እማማ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

ከነጠላው ሥር፣ "እተነፍሳለሁ አያቴ! ሂጂ ተቀመጪ፣ ሰው እያየሽ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እማማም እየሳቁ፣ ግን ወደ ኋላ እያዩ፣ ወንበራቸው ላይ ተመለሱ። ነጠላው ተነባበረ፣ ጋቢው ተደረበ፣ ልጆቹ እላዩ ላይ የካርቶኑን አለት በቀስታ አሳረፉ። ዮአብ ቃጭሉን ፈልጎ አገኘና ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ እስኪሰለች ድረስ። ሚዛን አላቋረጠችውም። ዘመን አይቸኩልም።

"እማማ ጎርፍ፣ አሁን!"

ቀስ ብለው መጡ። ካርቶኑን ገፉት፤ እያንዳንዱን ነጠላ እንደ ውኃ በእጃቸው እየጠረጉ ገለጡት። የመጨረሻው ሲነሣ አቢግያ ዓይኗን ጨፍና፣ አፏን ገጥማ ተኝታለች። አንድ ነገሯ አልተንቀሳቀሰም።

"አቢ?" አሉ እማማ። "አቢዬ?"

ዝም። የራሔል እጅ ወደ አፏ ሄደ። እማማ ጎንበስ አሉና በጣታቸው አንጓ የልጅቷን ግንባር ኳ ኳ አደረጉት፣ ሰው አለት እንደሚፈትሽ። ከዚያ ቀና ብለው ለአዳራሹ አወጁ።

"ጠንክራለች!"

እልልታው የግቢውን ቆርቆሮ ነቀነቀው።

ሰው ወደ መክሰሱ ሲሄድ ሚዛን ነጠላዎቹን ታጣጥፍ ጀመር። ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፤ የማን የማን እንደሆነ ለመለየት እናቶቹ ጥለቱን እያዩ ከወዲሁ ይከራከራሉ። አቶ ሀብተወልድ ልጃቸውን እጁን ይዘው መጡ።

"ዮአብ፣ 'ትበሰብሳለች' የሚለውን ቃል ማን አስተማረህ?"

"አይ ዶንት ኖ" አለ ዮአብ፣ እግሩን እያየ። ከዚያ አሰበበትና፣ "እማማ እኮ እንግሊዝኛ አይሰሙም። ምን ላድርግ?"

አባቱ የጋቢውን አንድ ጫፍ ከሚዛን እጅ ተቀብለው አብረዋት አጠፉት፤ ወደሷ ቀረብ ብለው ጫፉን ሲያስረክቧት፣

"ሰዓቷ የእርስዎ ናት" አሉ። "ለፊደሉ ሌላ ቦታ እንፈልግለታለን። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው በየቅዳሜው አያሳጡን።"

ሚዛን እግዜር ይስጥልኝ ልትል አፏን ስትከፍት እማማ አስካለ ቀደሟት። ሻርፓቸውን አውልቀው፣ አቢግያን አዝለው ቆመዋል፤ ልጅቷ ያጠራቀመችውን ወሬ ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ ታፈሳለች።

"ለመሆኑ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምንድን ነኝ?"

"ነፋስ ይሁኑ እማማ፤ አሸዋ የሚያመላልሰው።"

"ነፋስማ ጉልበቴን ይፈልገዋል" አሉ እማማ። "እባክሽ ቁጭ ብዬ የምሆነውን ስጪኝ።"